ዝም ያለ እንዳመነ ይቆጠራል

ዶክተር ሸዋንግዛው የሰደበኝ በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ዓ.ም. የጥር ወር ሁለተኛው ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ፣ ሐይቅ ዳር ባለ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው። ለፖሊስ መርማሪዎች ሥልጠና ተብሎ ተሰብስበን ነበር። እሱ የኢኮኖሚክስ ተመራማሪ ነው፤ የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ የሚባል ነገር ሊያስተምረን መጣ። ሁለት ሌቦች ተይዘው ለየብቻ ክፍል ቢቀመጡ ማን ማንን አሳልፎ ይሰጣል እያለ ሰሌዳ ላይ ሳጥን ይስላል። ከዚያ በጣቱ ጠቆመኝ።

"አንተ፣ ጥግ ላይ ያለኸው። ምን የሚያደርጉ ይመስልሃል?"

በዕድሜ አሥር ዓመት እበልጠዋለሁ። ቢሆንም መለስኩ። "ወንድማማች ከሆኑ ሁለቱም ዝም ይላሉ" አልኩት። ከሥራዬ የማውቀውን ነው የነገርኩት።

ፈገግ አለ። "ስንተኛ ክፍል ድረስ ነው የተማርከው?"

"ስምንተኛ።"

"ያስታውቃል" አለ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኪሩቤል ከፊት ወንበር ላይ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ፤ ያኔ ኢንስፔክተር ነበር፣ ዛሬ ምክትል ኮማንደርና አለቃዬ ነው። ሻይ ላይ አንዱ ባልደረባዬ ስኳር እያቀበለኝ "ወልዴ፣ ስኳር ትወዳለህ? ያስታውቃል!" አለኝ። ቃሏ ጣቢያ ድረስ ተከትላኝ ገባች።

አራት ዓመት ይዣት ሠራሁ። ዕድገት ሲመጣ ዲግሪ ያላቸው እያለፉኝ፣ እኔ ያው ዋና ሳጅን ወልደአማኑኤል እንደሆንኩ ቀረሁ። ከዚያ ሚያዝያ ላይ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ከሚባለው የዓሣ ገበያ ሬሳ ተገኘ።

ጀልባዋ ደንገሉ ውስጥ ተሰክታለች። ዓሣ የሚበልቱት ሰዎች ቢላቸውን ትተው ዳር ቆመዋል፤ ሥራቸውን ያልተዉ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ብቻ ናቸው፤ የተጣለ አንጀት ይሻማሉ። ሰውየው በጀርባው ተንጋሏል። ጭንቅላቱ መቀመጫው እንጨት ሥር ነው፤ የእንጨቱ ጠርዝ ላይ ደም ደርቋል። ቀኝ እጁ ቁራጭ ገመድ ጨብጧል። ከጀልባዋ ኋላ ሞተር መኖር ነበረበት፤ የለም።

"ማቴዎስ ነው፤ የዚሁ ዓሣ አጥማጅ" አለኝ ኮንስታብል ሳዳም። "ዘረፋ ነው ሳጅን። በገመድ አንቀው ሞተሩን ወስደውታል።"

"ገመዱ ማን እጅ ላይ ነው ያለው?"

"እሱ እጅ ላይ።"

"ታዲያ አናቂው እሱ ነዋ!"

ሳዳም ቆቡን አስተካከለ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። አንገቱ ላይ ምንም ምልክት የለም። የመዳፎቹ ቆዳ ግን ተልጧል፣ ሁለቱም። ሞተሩ የታሰረባቸው ብሎኖች በመፍቻ ተፈትተው ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል፤ የቸኮለ ዘራፊ እንደዚያ ደርድሮ አያስቀምጥም። መረብ የለም። አንድ ዓሣ እንኳ የለም። ከሁሉም የከነከነኝ ልብሱ ነው። የተተኮሰ ሱሪ፣ ግራጫ ኮት፣ የተቀባ ጫማ።

"ለዓሣ ማን ኮት ይለብሳል?" አልኩ።



ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ቁጥብ ሰው ነው። "የራስ ቅሉ በኋላ በኩል ተሰብሯል" አለኝ። "ተመትቶም ወድቆም ሊሆን ይችላል፤ ያንን አንተ ፈልግ። ጊዜው ትናንት ጀንበር ስትጠልቅ ግድም ነው። እርግጠኛ ሆኜ የምነግርህ ግን፣ ወዲያው ነው የሞተው። ለመሰቃየትም ጊዜ አላገኘ።"

ይህን ለሚስቱ ልንገራት ብዬ ያዝኩት። ለሌላ ለማንም አልተናገርኩም።

ሚስቱ ደስታነሽ የቸርች ሰዎች ከበዋት ተቀምጣለች። የሐኪሙን ቃል ስነግራት ዓይኗን ጨፈነች። "ጌታ ይመስገን፣ አልተሰቃየም" አለች። ከዚያ ነው ማውራት የቻለችው።

"ትናንት ከሰዓት በኋላ ስልኩ ላይ መልእክት መጣ፣ ጋሼ። አነበበና ልብሱን ለወጠ። 'የእሑድ ኮቴን አውጪልኝ' አለኝ። ወዴት ነው ስለው 'ክብሩ ጠርቶኛል' አለ። ማዶ ነው የክብሩ ቤት፤ በጀልባ ነው የሚኬደው።"

"ክብሩ ማነው?"

"ባልንጀራው ነው። ያን ሞተር በጋራ ነው የያዙት፣ ዶክተሩ ለጥናቱ ብሎ የሰጣቸውን። ውል አላቸው በስልክ።"

"ተጣልተው ነበር?"

ግድግዳውን በአገጯ አሳየችኝ። አንድ መረብ ተንጠልጥሏል፤ ዓይኑ ጠባብ ነው፣ ጫጩት ዓሣ የሚያስቀር፣ የተከለከለ። "ክብሩ ይሄንን ጀልባው ውስጥ አይቶ አኮረፈ። የማቴዎስ አይደለም እኮ፤ ከውሃ ውስጥ ያወጣው የማናውቀው ሰው መረብ ነው። ሊያቃጥለው ነበር። 'እነግረዋለሁ፣ ቁጭ ብዬ እነግረዋለሁ' ይል ነበር።"

"የቱ ዶክተር ነው ጥናቱን የሚያካሂደው?"

"ዶክተር ሸዋንግዛው።"

ስሙን ስሰማ ደሜ ሞቀ። እግዜር ለካ አይረሳም አልኩ በሆዴ።

አላወቀኝም። ቢሮው ስገባ ቀና ብሎ አይቶኝ "ቁጭ በል" አለኝ እንጂ፣ ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። አራት ዓመት በየሌሊቱ ያኘኩት ሰው እኔን አንድ ቀን አስታውሶኝ አያውቅም።

"ነገሩ ቀላል ነው" አለኝ። "ሁለት ሰው አንድ ሞተር ይጋራል። ውላቸው ብሎክቼይን በሚባል የኮምፒውተር መዝገብ ነው የተጻፈው። አንዴ ከገባ በኋላ እኔም ራሴ ልሰርዘው አልችልም። ዳኛ የለ፣ ሽማግሌ የለ፣ ጉቦ የለ። ሁኔታው ሲሟላ ውሉ ራሱን ያስፈጽማል። ይገባሃል?"

"ቀስ ብለው ይንገሩኝ።"

"አንዱ ሌላውን በተከለከለ መረብ ካየው ስልኩ ላይ 'አፊኒ' የሚለውን ይጫናል። የሲዳማ ቃል ነው፣ 'ሰማችሁ ወይ' እንደማለት። የአገሩ ሰው ይቀበለዋል ብለን ለክስ ማቅረቢያው ሰጠነው። ተከሳሹ ጀንበር ሳትጠልቅ 'አመንኩ' ወይም 'ካድኩ' ብሎ ይመልሳል። ዝም ካለ እንዳመነ ይቆጠራል። የሞተሩ ድርሻ ለከሳሹ ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ በእሱ ስልክ ካልሆነ አይነሳም።"

"ማቴዎስ ምን መለሰ?"

"ምንም። ክብሩ ከሰሰ፣ ማቴዎስ ዝም አለ፣ ሞተሩ የክብሩ ሆነ።"

"ለምን ዝም አለ?"

"ጥፋተኛ ስለሆነ ነዋ! ንጹሕ ሰው ዝም የሚልበት ምክንያት የለውም፤ 'ካድኩ' ማለት ምንም አያስከፍለውም።" እስክሪብቶውን አሽከረከረ። "እኔ ፖሊስ ብሆን ማን እንደተጠቀመ ነው የማየው።"

"ትናንት እርስዎ የት ነበሩ?"

"አዲስ አበባ። ጉባኤ ላይ ጽሑፍ አቅርቤ ዛሬ ጠዋት በአውሮፕላን ነው የገባሁት።"

"ሞተሩ ጠፍቷል።"

"አዝናለሁ" አለ። ወረቀቱን ማየት ጀመረ። ሂድ ማለቱ ነው።

ክብሩን ሳዳም ከማዶ ይዞት መጣ። ሠላሳ ዓመት ቢሞላው ነው፤ እጁ ሰፊ፣ ድምፁ ቀጭን። ጥያቄ ሳልጀምር ተናገረ።

"እኔ ነኝ የገደልኩት።"

"በምን?"

ዝም።

"በመቅዘፊያ ነው? ገፍተህ ነው? ሞተሩን የት አደረስከው?"

ዝም። ጠረጴዛውን ብቻ ያያል።

"ስማ፣ ዝም ካልክ አምነሃል ማለት ነው።"

ቀና ብሎ አየኝ፤ የታመመ ሰው ዓይን ነው። "እንደሱም ይሁን" አለ። "ጻፈው።"

ምክትል ኮማንደር ኪሩቤል ቃሉን አንብቦ ደስ አለው። "አለቀ" አለኝ። "የተጠቀመው እሱ፣ ያመነው እሱ። ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ይቀርባል፣ በግድያ።"

"ኮማንደር፣ የሟቹ መዳፍስ? ኮቱስ? ሞተሩን ወስዶ ከሆነ የት አለ?"

"ወልዴ፣ ሰውየው ገደልኩ እያለ አንተ አልገደልክም ልትለው ነው?"

"ዶክተሩ ዋሽቶኛል። አዲስ አበባ ደወልኩ። ጉባኤው ላይ ያቀረበው በቪዲዮ ነው፤ ከሐዋሳ አልተነሳም።"

ኪሩቤል ሳቀ። ያንኑ ሳቅ፣ ትከሻው ድረስ። "ያቺን 'ያስታውቃል' አልረሳህም አይደል? ቂምህን ማስረጃ አድርገህ እንዳታመጣብኝ። እስከ ነገ ጠዋት ሞተሩን ካገኘህ አምጣው። ካላገኘህ ልጁ ይሄዳል።"

እውነቱን ለመናገር ሸዋንግዛው ገዳይ ቢሆንልኝ ምንኛ በወደድኩ! ግን የሚገድልበት ምክንያት ላገኝለት አልቻልኩም። ማቴዎስ ለእሱ ወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ነው። ቁጥርን ማን ይገድላል?

ወደ አብዱልሃሚድ ሱቅ ሄድኩ። አሮጌ ሞተር የሚገዛና የሚሸጥ ሰው ነው። የተሰረቀ ነገርም በእጁ ያልፋል ይባላል፤ ሁለት ጊዜ አስሬው ሁለት ጊዜ ተፈቷል።

"ሳጅን ወልዴ! ዛሬ ደግሞ ምን ሰረቅኩ?"

"የማቴዎስን ሞተር።"

"አላህ ይርሳኝ እሱን ከነካሁ!" መፍቻውን ጠረጴዛ ላይ ጣለ። "እስቲ አስበው። ያ ሞተር ሆዱ ላይ ጥቁር ሳጥን ተገጥሞበታል። ያለ ስልክ አይነሳም። ማነው የሚገዛኝ፣ ባለ ሳጥኑን? አንዴ አንዱ እንደዚሁ ያለ አምጥቶልኝ ሳላየው ነው የመለስኩት።"

"ሳጥኑን ፈታችሁ ትጥሉታላችሁ።"

"ቢፈታማ ጥሩ ነበር። ከሞተሩ ጋር ተበይዷል። ደግሞስ ሳጥኑ የት እንዳለ እነ ዶክተሩ እንደ ታክሲ በስልካቸው ያዩታል። ሰርቄው ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ መጥተህ ታወራኝ ነበር? ትናንቱኑ ደርሰው አንገቴን ይይዙኝ ነበር!"

መንገድ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ባጃጅ ጥሩንባ ነፋብኝ።

ሞተሩ የት እንዳለ ያያሉ። እኔ ሞተሩ ጠፍቷል ስለው ሸዋንግዛው ስልኩን እንኳ አላነሳም፤ አዝናለሁ ነው ያለኝ።

ጣቢያ ስመለስ በር ላይ አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ፣ በጨርቅ የተቋጠረ ሳህን ይዛ ቆማለች። ወንጌላዊት ትባላለች፤ የክብሩ ሚስት ናት።

"ጋሼ፣ ምግብ አልቀበልም አለኝ። 'ለማቴዎስ የሠራሁትን እንዴት እበላለሁ' አለኝ።"

"ለማቴዎስ?"

"ትናንት ይመጣል ብዬ ነዋ የሠራሁት! ክብሩ ሦስት ሽማግሌ ጠርቶ ነበር። ከሰዓት ጀምረው ደጃችን ዛፍ ሥር ተቀመጡ፤ ጨለመ፣ አልመጣም። ሽማግሌዎቹ 'ንፋስ ይዞት ይሆናል፣ ነገ ይመጣል' ብለው ሄዱ። ክብሩ ከእነሱ ጎን አልተነሳም እኮ። ይጠይቋቸው!"

"ታዲያ ባልሽ ለምን ገደልኩት ይላል?"

ሕፃኑን ወደ ደረቷ አዞረች። "አፊኒ ያልኩት እኔ ነኝ ብሎ ነው።"

"መክሰሱን አውቃለሁ።"

"ኧረ ክስ አይደለም!" ድምፅዋ ከፍ አለ፤ ዘበኛው ዞረ። "ጋሼ፣ እርስዎ የዚህ አገር ሰው አይደሉም እንዴ?"

"ከሆሳዕና ነኝ።"

"እኛ ዘንድ ሰው ሲበደል ዝም ብሎ አይፈርድም። አፊኒ ይላል፤ 'ሰማችሁ ወይ፣ ነገር አለኝ' ማለት ነው። ከዚያ ይቀመጣል። የተጠራው ሰው መጥቶ፣ ተቀምጦ፣ በአፉ ነው የሚመልሰው። እሱ ሳይሰማ ማንም በእሱ ላይ አይናገርም። ክብሩ መክሰስ ቢፈልግ ኖሮ ያንን አይነካም ነበር። ስልኩ ላይ አፊኒ የሚል ሲያይ 'ዶክተሩ ደግ ሰው ነው፣ መቀመጫ አዘጋጅቶልናል' ነው ያለኝ። ማቴዎስን ሊሰማው ነው የጠራው!"

ኮቱ ያኔ ገባኝ። ሰውየው ለዓሣ አልወጣም። ሽማግሌ ፊት ሊቀመጥ ነው የለበሰው። በስልክ ያልመለሰው ለአፊኒ በስልክ ስለማይመለስ ነው። ሊመልስ መንገድ ላይ ነበር፤ ውሉ ደግሞ ጀንበርን እያየ ይቆጥራል።

ሳዳምን ወደ ማዶ ላክሁት። ሦስቱም ሽማግሌዎች አንድ ቃል ተናገሩ፦ ክብሩ እስኪጨልም ከጎናቸው አልተነሳም። ኪሩቤል በስልክ ሰማኝ። "የአንድ አካባቢ ሰዎች ናቸው፣ ይመሰክሩለታል። ሞተሩን አምጣ አልኩህ እኮ!" ብሎ ዘጋ።

አንድ በር ብቻ ቀረኝ። ሸዋንግዛውንና ያቤጽን አስጠራኋቸው። ያቤጽ የውሉን ፕሮግራም የጻፈው መሐንዲስ ነው፤ መነጽር ያደረገ፣ ጥፍሩን የሚበላ። ሁለቱን ለየብቻ ክፍል አስቀመጥኳቸው።

ሸዋንግዛው ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየና ፈገግ አለ። "ይህንን ጨዋታ እኔ ነኝ የማስተምረው" አለኝ።

"አውቃለሁ" አልኩት። በሩን ዘጋሁበት።

ያቤጽ ዘንድ ገባሁ። ልጁ አስቀድሞ ተዘጋጅቷል።

"ዶክተር ካልተናገረ እኔም አልናገርም" አለኝ። "ማስረጃ የላችሁም።"

"የለኝም" አልኩ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እውነት ነው፣ ምንም አልነበረኝም። ደክሞኝ ነበር። ኪሩቤል ፋይሉን እያሰረ ነው። "ክብሩ ነገ ጠዋት ይሄዳል። ገድያለሁ ብሏል። ለምን እንዳለ ታውቃለህ? አፊኒን የተጫንኩት እኔ ነኝ ብሎ። ምግብ አልበላም፤ ሚስቱ በር ላይ ናት፣ ከነሕፃኑ። ላስገባልህ? አንተ ንገራት።"

"አታስገባት።"

"ለምን?"

"አታስገባት፣ እባክህ!" መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ እንደ ልጅ አለቀሰ።

"ውሃ ላይ እንዳይቆለፍ አድርጌ ነበር የጻፍኩት" አለ። "ጀልባዋ ዳር ስትደርስ ብቻ ነበር የሚቆልፈው። ዶክተር አስወጣው። 'እንዲህ ከሆነ ቅጣት ሲመጣባቸው ዳር ሳይደርሱ ውሃ ላይ ይተኛሉ፤ ጥናቱን ያበላሹታል' አለኝ። በስሌት ትክክል ነበር። እኔም አስወጣሁት።"

"ትናንት ምን ሆነ?"

"ጀንበር ጠለቀች፣ ውሉ ቆለፈ። ካርታው ላይ ነጥቧ መሐል ሐይቅ ቆመች። ቀስ እያለች መንሸራተት ጀመረች። ንፋሱ ነው። ለዶክተር ደወልኩ፤ 'ይቀዝፋል፣ ዓሣ አጥማጅ እኮ ነው' አለኝ። ልንከፍትለት አንችልም ነበር፤ ውሉ አንዴ ከፈጸመ እኛም አንከፍተውም። ገና ሳይነጋ ጀልባ ይዘን ሄድን። እኔ... እኔ ከሞተሩ አልፌ ወደ ሰውየው አላየሁም። ዶክተር 'ሳጥኑን ካዩት ጥናቱ አለቀ፤ ሞተሩን ፍታ' አለኝ። ፈታሁ።"

"ሰውየውን ነካችሁት?"

"አልነካነውም።" አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። "ለሰውም አልደወልንም።"

"ሞተሩ?"

"ዕቃ ቤት ነው። ሐይቅ ዳር፣ ከቢሯችን ጀርባ።"

ሞተሩን ሸራ ሥር አገኘነው። ጥቁሩ ሳጥን ሆዱ ላይ ነው። ከማስነሻው ጉድጓድ የተበጠሰ ገመድ ጫፍ ወጥቷል። ከማቴዎስ እጅ ያስለቀቅነውን ቁራጭ አጠገቡ አደረግኩት፤ ክሩ ከክሩ ገጠመ።

ሳዳም አፉን ከፍቶ ቆመ። "ታዲያ ማነው የመታው?"

"ማንም" አልኩት። "ሞተሩ ጠፋበት። ገመዱን ሳበ። አልነሳም። ንፋሱ መጣ፣ ደግሞ ሳበ። መዳፉ እስኪላጥ ሳበ። ሊመልስለት የሚሄድበት ሰው ማዶ እየጠበቀው ነው፣ ጀንበር ገብታለች። ባለ በሌለ ኃይሉ ሲስበው ገመዱ ተበጠሰ። ወደ ኋላ ወደቀ። ኋላው እንጨት ነበር።"

ሳዳም ቆቡን አወለቀ።

ኪሩቤል ሞተሩን ጠረጴዛው አጠገብ ሲያየው ያሰረውን ፋይል ፈታ። ከዚያ "ጥሩ ሠርተሃል" አለኝ፣ ስልኩን እያየ። ሪፖርቱን ራሱ ጻፈው። ስሜ ውስጡ የለም።

ክብሩን ማረፊያ ቤቱ ውስጥ አገኘሁት። ተፈትተሃል ሲሉት አልተነሳም፤ እኔ ገብቼ ነው ያስነሳሁት።

"አንተ አልገደልከውም" አልኩት። "ሰምቶሃል። እየመጣ ነበር።"

"አልመጣም እኮ።"

"ስማኝ። ሬሳውን ያየሁት እኔ ነኝ። መረብ አልያዘም። ኮት ለብሶ ነበር።"

ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። "ግራጫውን?"

"ግራጫውን። ጫማውንም ቀብቶ ነበር።"

ፊቱን በሁለት ሰፋፊ እጆቹ ሸፈነ። "መረቡስ?" አለ ከእጆቹ ሥር። "መረቡ ምን ነበር?"

"የሰው ነው። ከውሃ ያወጣው። ሊያቃጥለው ነበር። ቁጭ ብሎ ሊነግርህ ነበር።"

ከዚያ በኋላ የወጣው ድምፅ ከሰው የሚወጣ አይመስልም። ወንጌላዊት ከውጭ ሰምታ ሮጣ ገባች። እኔ ወጣሁላቸው።

ግቢው ውስጥ ሸዋንግዛው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ወደ ማረፊያ ቤት የሚወስደው ፖሊስ ቁልፍ ሊያመጣ ሄዷል። ክራቫቱን ወስደውበታል፣ የጫማውንም ክር። አጠገቡ ሳልፍ ተነሣ።

"ሳጅን፣ አንድ ጊዜ።"

ቆምኩ።

"የት እንዳየሁዎት አሁን ነው ትዝ ያለኝ" አለ። "ሥልጠናው ላይ። 'ሁለቱም ዝም ይላሉ' ያሉኝ እርስዎ ነዎት።"

እርስዎ አለኝ። አራት ዓመት የጠበቅኩት ነበር፤ ሲመጣ ምንም አልጣመኝም።

"ሞተሩን መደበቄን አምኛለሁ። ይፍረዱብኝ፣ አልከራከርም። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ።" ከንፈሩ ደርቋል። "ያን ጠዋት ስደርስ በጀርባው ነበር። ቀርቤ አልነካሁትም። ፈራሁ። ሞቷል ብዬ ለራሴ ነገርኩ እንጂ ትንፋሹን አላዳመጥኩም። ሐኪሙን ያነጋገሩት እርስዎ ነዎት አሉኝ። ስደርስ ሞቶ ነበር፣ አይደል?"

ዓይኑን አየሁት። እንቅልፍ ያጣ ዓይን ነው፤ ከእንግዲህም የሚያገኝ አይመስልም። የሐኪሙ ቃል አፌ ውስጥ ነበረ፤ ለደስታነሽ የነገርኳት ቃል፣ 'ወዲያው ሞተ'፣ ሁለት ቃል ብቻ። ከኋላው ደግሞ ያቺ አሮጌ 'ያስታውቃል'፣ የራሱ ቃል፣ ተሰልፋ ትጠብቃለች።

"ይንገሩኝ እንጂ። ሞቶ ነበር ወይስ ሊድን ይችል ነበር?"

ከውስጥ የክብሩ ልቅሶ ይሰማል።

"ሳጅን፣ በእግዚአብሔር! ዝም ካሉኝ እኮ... ዝም ካሉኝ በሕይወት ነበር ብዬ ነው የምይዘው።"

ቆቤን አደረግኩ። በሩን አልፌ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ሄድኩ።